ጋሼ አራትና ያልተገኙት ሁለት ውሾች

ጋሼ አራትን መጀመሪያ ያወቅኳቸው የተጣላኋቸው ዕለት ነው።

ውሻችን ያኔ የሦስት ወር ቡችላ ነበር። ክብ ስለሆነና አፈር ላይ ሳይንከባለል እንቅልፍ ስለማይወስደው ልጄ "ድንች" አለችው። ልጄ ስድስት ዓመቷ ነው፤ አንድ ነገር ስም ካወጣችለት ያ ነገር ከቤታችን አይወጣም። ስለዚህ ድንች የኛ ሆነ። እኔም መጀመሪያ ያሰብኩት ክትባቱን ነው። ልጅ ከቡችላ ጋር አፍ ለአፍ ነው የምትውለው፤ የእብድ ውሻ በሽታ ደግሞ ቀልድ አያውቅም።

በሰፈራችን ሁለት የእንስሳት ሕክምና ቤቶች አሉ። አሮጌው ከእንጨት መሰንጠቂያው ጀርባ ነው። ጣሪያው ዝጓል፣ የአግዳሚው አንድ እግር በድንጋይ ተደግፏል፣ መጋዙ ሲነሳ ሰውም ፍየልም እኩል ይደነግጣል። አዲሱ ዋናው መንገድ ላይ ነው፤ ፊቱ ከላይ እስከ ታች መስታወት ስለሆነ ሰው ሁሉ "መስታወቱ ቤት" ይለዋል። ወደ አሮጌው የሄድኩት ስለሚቀርበኝ ብቻ ነበር።

ስድስት ሰዎች ወረፋ ይዘን ተቀምጠናል። ግራጫ ጋዋን የለበሱ ሽማግሌ ጥግ ላይ ያለውን ማቀዝቀዣ ከፈቱ። ከደረት ኪሳቸው መነጽር አወጡ፣ ውስጥ የተንጠለጠለውን ቴርሞሜትር ጎንበስ ብለው አዩ፣ ዘጉት። ከማቀዝቀዣው ጎን በሲባጎ በታሰረ ደብተር ላይ አንድ ቁጥር ጻፉ። ከዚያ ወደኛ ዞሩና ዛሬ ክትባት እንደሌለ፣ ሐሙስ እንድንመጣ ነገሩን።

ጠርሙሶቹን በዓይኔ አይቻለሁ፤ እንደ ተማሪ ተሰልፈው ቆመዋል። አለ እኮ፣ አልኳቸው። መብራት ከትናንት ጠዋት ጀምሮ እንደጠፋ፣ የማቀዝቀዣው ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ዲግሪ እንደደረሰ፣ ክትባት ደግሞ ከስምንት በላይ ሲሞቅ እንደሚሞት ረጋ ብለው አስረዱኝ። ቆሜ ስከራከራቸው ግን ትዕግሥታቸው አለቀ።

"አሁን እዚህ ውስጥ ያለው ውሃ ነው። ውሃ ልውጋልሽ?"

ለፍየሉ የዓይን ጠብታ ሊወስድ የመጣ ሰውዬ ሳቀ። ሰውዬው፣ ሽማግሌው ቴርሞሜትሩ አራት ካላለ ወደ አልጋቸው የማይሄዱ መሆናቸውን፣ ጠዋት አራት፣ ማታ አራት እያሉ ሲያነቡ ሰፈሩ "ጋሼ አራት" ብሎ እንዳወጣላቸው፣ እሳቸው እየሰሙ ነገረኝ። ቤቱ ሙሉ ሲስቅ ጋሼ አራት የሲባጎውን ቋጠሮ ያጠብቁ ነበር።

"ሥራ ያልፈለገ ሰው ሰበብ አያጣም" አልኩና ቡችላዬን ታቅፌ ወጣሁ።

መስታወቱ ቤት አሥር ደቂቃ አልፈጀብኝም። ረዳቷ ልጅ ወለሉ ላይ ተንበርክካ ድንችን ሆዱን አከከችለት። ዶክተሩ እጁን ታጥቦ፣ ቀልዶ፣ ወጋው። ድንች አልጮኸም። የውሻ ኮቴ የተሳለበት፣ ቀኑ በጥሩ እጅ ጽሑፍ የተጻፈበት ካርድ ሰጡኝ። እንዲህ ነው እንጂ ሥራ ብዬ፣ ያንን ካርድ ለጎረቤት ሁሉ አሳየሁ። በዚያው ከሰዓት ሦስት ጎረቤቶቼ በኔ ምክር ውሾቻቸውን እዚያው ወሰዱ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። እኔ ሳፈስ ሌሎችንም ይዤ መሆኑን ያወቅኩት ከስምንት ወር በኋላ ነው።

እሑድ ቀን ነበር፣ እኩለ ቀን። ልብስ እያሰጣሁ ነው። አንድ ግራጫ ውሻ በመንገዱ መሃል ሲመጣ አየሁ። አይሮጥም፣ አይጮህም። ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል፣ ቀና ይላል፣ እንደገና ያዘነብላል። አፉ ተከፍቶ ቀርቷል፤ ከአፉ እስከ ደረቱ ለሃጭ ወርዷል። የሰፈሩ ውሾች ሁሉ በአንድ ጊዜ ዝም አሉ። ከሁሉም ያስፈራኝ ያ ዝምታቸው ነው። የኛ የአጥር በር ገርበብ ብሎ ነበር።

ድንች በሩ ላይ ቆመ። ውሻ በበላበት ይጮኻል፣ እሱም የድርሻውን ጮኸ። ግራጫው ውሻ ድምፅ ሳያሰማ አንገቱ ሥር ነክሶት አለፈ። ልጄን ጮኼ ስጠራት፣ እሷ ቀድማኝ ድንች ጋ ደርሳ በሹራቧ እጅጌ ደሙንና ለሃጩን እየጠረገችለት ነበር። ጣቷን ጠዋት በእርሳስ መቅረጫ ቆርጣዋለች።

እጇን በሳሙናና በሚወርድ ውሃ ሩብ ሰዓት ሙሉ አጠብኩት። እሷ ታለቅሳለች፣ እኔ እቆጥራለሁ። ባለቤቴ ተሸክሟት ወደ ጤና ጣቢያ ሮጠ፤ የመጀመሪያውን መርፌ በዚያው ሰዓት ተወጋች፣ ቀሪዎቹም ቀን ተቆርጦላቸው አንድም ሳይዘለል አለቁ። በልጄ በኩል የሚደረገው ሁሉ ተደርጓል። የቀረው ውሻው ነበር። ድንችን በብረት ሰንሰለት ከአጥሩ ምሰሶ ጋር አስሬ፣ ካርዱን ይዤ ወጣሁ። መስታወቱ ቤት እሑድ ዝግ ነው። አሮጌው ቤትም ዝግ ነው፣ ግን ጋሼ አራት ከጀርባው ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ ይኖራሉ። እያፈርኩ አንኳኳሁ።

አላወቁኝም። ነገሩን እንደሰሙ ረጅም ጓንት አጠለቁና ግራጫው ውሻ ወደሄደበት ሄዱ። መንገድ ጠራጊዎቹ ከድልድዩ ሥር ገድለውታል። ጭንቅላቱን ለምርመራ የላኩት እሳቸው ናቸው፤ ውጤቱ በሦስተኛው ቀን እንደፈራነው ሆኖ መጣ። ያን ዕለት ግን ውጤት ሳይጠብቁ ካርዱን ተቀብለው በመነጽራቸው ሥር አገላበጡት። ቀኑ ላይ ጣታቸው ቆመ። ደብተሩን አወረዱ፣ ወደ ኋላ ገለጡ፣ ገለጡ፣ ከዚያ አዙረው አሳዩኝ። በዚያው ቀን፣ በሳቸው እጅ ጽሑፍ፣ አሥራ ዘጠኝ ይላል።

"አንቺ ነሽ እንዴ ያቺ? 'ሰበብ አያጣም' ያልሽኝ?"

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር። እሳቸው ግን ነገሩን አላራዘሙትም። የተከተበ ውሻ ከተነከሰ ተጨማሪ ክትባት ተሰጥቶት አርባ አምስት ቀን እንደሚጠበቅ፣ ያልተከተበ ከሆነ ደግሞ ወይ ያን ዕለት እንዲሞት እንደሚደረግ፣ ወይ አራት ወር ሙሉ ማንም ሳይነካው ተዘግቶበት እንደሚቆይ ነገሩኝ። በሽታው ከሰውነት ውስጥ ተደብቆ መቼ እንደሚነሳ አይታወቅም። ቶሎም ይመጣል፣ ቆይቶም ይመጣል።

"መስታወቱ ቤት ጀነሬተር አለ። ማቀዝቀዣው ከጀነሬተሩ ጋር ተገናኝቶ ከሆነ ውሻሽ ተከትቧል። ካልሆነ አልተከተበም። ሄደሽ ራስሽ እይ። እኔ ብጠይቅ ምቀኝነት ይመስላል።"

ሰኞ ጠዋት በሩ ሲከፈት መስታወቱ ፊት ቆሜ ነበር። ዶክተሩ አልገባም። ረዳቷ እንደ ድሮዋ ፈገግ ብላ ተቀበለችኝ። ማቀዝቀዣውን ማየት እፈልጋለሁ ስላት ፈገግታው እዚያው ቀረ፤ ግን ልጅቷ ክፉ አይደለችም፣ ወደ ጓዳ መራችኝ። ማቀዝቀዣው አዲስና ነጭ ነው። በሩ ላይ ሠንጠረዥ ተለጥፏል፣ ጠዋትና ማታ የሚል። አራት፣ አራት፣ አራት፣ አራት፣ እስከ ታች። እንዲህ ያለ ሥርዓት እያለ ምን አስጨነቀኝ ብዬ ልቤ ሊረጋ ሲል ዓይኔ ቀኖቹ ላይ አረፈ።

የማክሰኞ ማታ አራት ተብሎ ተጽፏል። እኛ ገና ሰኞ ጠዋት ላይ ነን።

"ይሄ የነገ ነው" አልኳት።

ዞር ብላ የፊቱን በር አየች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ዶክተሩ ተቆጣጣሪ ድንገት ቢመጣ ባዶ ቦታ እንዳይገኝ የሳምንቱ ሙሉ እንዲሞላ እንደሚያዛት ነገረችኝ። ቴርሞሜትሩን አይታ ታውቃለች ወይ ብዬ ጠየቅኳት። መጀመሪያ አካባቢ ታይ እንደነበርና ሁልጊዜ አራት ስለሚል እንደተወችው ነገረችኝ።

"መብራት የጠፋ ጊዜስ?"

"ጀነሬተሩ የፊት ለፊቱን መብራትና ኮምፒውተሩን ነው የሚያሠራው" አለች። ጓዳው ጨለማ እንደነበር፣ ማቀዝቀዣውንም በስልኳ ብርሃን እንደከፈተችው ጨመረችልኝ። ስትናገር እጇን እንጂ እኔን አታይም።

ይሄኔ ዶክተሩ መጣ። ሁሉንም አዳመጠኝ፣ ከዚያ ካርዱን በሁለት ጣቱ ያዘና ክትባቱ ተመዝግቧል፣ የተመዘገበ ነገር ተመዝግቧል፣ አርባ አምስት ቀን ይበቃል አለኝ። ልጅ ስላለኝ መረበሼን እንደሚረዳም ጨመረ። ካርዱን ከጣቱ ተቀብዬ ወጣሁ።

አራት ወር ወሰንኩ። ድንች እንዲሞት ማድረግ ከልጄ ዓይን ፊት አልቻልኩም፣ በአርባ አምስት ቀን መፍታትም አልቻልኩም። ባለቤቴ በያጅ ነው። ከጓሮ ያለችውን የዕቃ ክፍል አራገፈና ሁለት በር ሠራላት፤ አንዱ ወፍራም ሽቦ፣ ሌላው ከውጭ የሚቆለፍ ቆርቆሮ። ሳህኑ በረጅም ብረት ተገፍቶ የሚገባበት ቀዳዳም አበጀ። ለውሻ እስር ቤት የበየደ ሰው በዚህ ከተማ እሱ ብቻ መሆኑን፣ ፍርዱ ይግባኝ ካለው እንድነግረው እያጉረመረመ። ጋሼ አራት የሚረዷት የአሮጌው ቤት ዶክተር ደግሞ መጥታ ድንችን ባልሞተ ክትባት ወጋችው። ከበሽታው ይቀድም እንደሆነ ግን ማረጋገጫ አልሰጠችኝም።

ከዚያ ጋሼ አራት በየቀኑ ሁለት ጊዜ መምጣት ጀመሩ። ማንም አላዘዛቸውም። ጠዋት ማቀዝቀዣቸውን አይተው፣ ማታም አይተው፣ በቀጥታ ወደኛ ጓሮ። የቆርቆሮውን በር አስከፍተው፣ ከሽቦው ሁለት እርምጃ ርቀው ቁጢጥ ይላሉ። ስሙን ይጠሩታል፣ ይዞር እንደሆነ ያያሉ። ውሃ ሲጠጣ ጉሮሮው ሲወርድና ሲወጣ ይከታተላሉ። ከዚያ ለሱ የከፈቱለት ትንሽ ደብተር ላይ ያዩትን ብቻ ይጽፋሉ። "ጠጣ።" "ጮኸ፣ ድምፁ ደህና።" ትናንት ስለነበረ ዛሬም አለ ብለው አንድም ቀን አልጻፉም። አንዴ ዝናብ ሲጥል እዚያው በጃንጥላ ሥር ሆነው ውሃ እስኪጠጣ ከአንድ ሰዓት በላይ ጠበቁት። ይጠጣል እንጂ፣ ጻፉትና ይግቡ ብላቸው፣ ጠጥቶ ሳይ እጽፋለሁ አሉኝ።

ከልጄ ጋር ተወዳጁ። እሷ ከቆርቆሮው በር ውጭ ተቀምጣ ለድንች ትምህርት ቤት የዋለችውን ታወራለታለች፤ እሳቸው ይሰማሉ። አንድ ቀን ለምን ውሻ የለዎትም አለቻቸው።

"ሞልተውኛል" አሉ። "የት እንዳሉ ነው የማላውቀው።"

ልጄ ሳቀች። እኔ እያጠብኩት የነበረው ሳህን እጄ ላይ ቆመ፤ አባባላቸው የሚያስቅ አልነበረምና።

ሳምንታቱ እንደዚያ አለፉ። ድንች ከሳ፣ ግን ይበላል። ይጫወታል። ሽቦውን ይልሳል። ልጄ ቀን መቁጠሪያ ላይ በእርሳስ እየሰረዘች አርባ አምስት ደረሰች፤ ስለ አርባ አምስት ከአባቷ ሰምታለች። በአርባ ስድስተኛው ቀን ሁለቱም ተባብረው መጡብኝ። ባለቤቴ ክፋት የለበትም፣ የልጁ ልቅሶ ነው ያሸነፈው። ካርድ አለው፣ ዶክተር የፈረመበት ነው፣ ይኸው አርባ አምስት ቀን ደህና ሆኖ ተቀምጧል፣ አንድ ሽማግሌ ስለፈራ እንስሳ ይሰቃያል ወይ አለኝ። ልጄ ቀሚሴን ይዛ አንድ ጊዜ ብቻ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ልቀፈው ትላለች። ከውስጥ ድንች ጭራውን ሲወዘውዝ ሽቦው ይንኳኳል።

እውነቱን ልጻፍ፤ ቁልፉን አወጣሁ። የቆርቆሮውን በር ከፈትኩት። የሽቦውን ቁልፍ ልክተት ስል ከኋላዬ ጋሼ አራት ቆመዋል። አልጮኹም፣ እጄንም አልያዙም። ባለቤቴን ልጅቷን ወደ ቤት እንዲያስገባ ለመኑት። ከዚያ ተገልብጦ የተቀመጠ ባልዲ ላይ ተቀመጡ።

"ወጣት ሳለሁ በክትባት ዘመቻ እሠራ ነበር" አሉኝ። "የበረዶ ሳጥኑ የኔ ኃላፊነት ነበር። መኪናችን መንገድ ላይ ተበላሽታ ፀሐይ ላይ ዋልን። መንደሩ ደርሰን ሳጥኑን ስከፍተው በረዶው ቀልጧል፣ ውሃው ራሱ ለብ ብሏል። ሰው ግን ተሰብስቦ ይጠብቃል። አርባ ውሻ። ጭብጨባ ሁሉ ነበር። ባዶ ሳጥን ይዘው መጡ እንዳንባል ፈራሁ። ደብተሩ ላይ አራት ብዬ ጻፍኩ።"

ከዚያስ አልኳቸው።

"አላውቅም። አርባ ቤት ነው፣ አርባ ቤት ውስጥ ደግሞ ልጆች አሉ። ማን ተነከሰ፣ ማን ሞተ፣ ማንም አልነገረኝም። እኔም ተመልሼ አልጠየቅኩም። መልሱን ፈርቼ።"

ሰፈሩ አራት እያለ ሲጠራቸው ለምን ዝም እንደሚሉ ያን ቀን ገባኝ። ሰው ያወጣላቸው ስም መስሎኝ ነበር፤ እሳቸው ግን ከዚያ በፊት ይዘውት ኖረዋል። የቆርቆሮውን በር መልሼ ዘጋሁ። ቁልፉን ለሳቸው ሰጠሁ፤ እቤት ካለ ነገም ልጄ ታለቅሳለች፣ እኔም ነገ የዛሬዋ አልሆንም።

በስድሳ አንደኛው ቀን ጠዋት ውሃው ትናንት እንደነበረ ነበር። ጋሼ አራት መጥተው ሲያዩት "አልጠጣም" ብለው ጻፉ። ስሙን ጠሩት። ድንች ጭንቅላቱን አዞረ፣ ግን እኛን አላየም፤ በእኛ በኩል አልፎ አንድ ሌላ ነገር ያየ ይመስል ነበር። ጮኸ። ድምፁ የሱ አልነበረም፤ መሃሉ ላይ ተሰብሮ መጨረሻው እንደ ዛገ ማጠፊያ ይጎተታል። ጋሼ አራት ሳህን መግፊያውን ብረት በቀዳዳው ሲያስገቡ፣ ከልጄ ጋር ተኝቶ ያደገ ያ ውሻ ዘሎ በጥርሱ ያዘው። አልለቀቀም። ብረት ላይ ጥርሱ ሲሰበር ሰማነው።

ቀና ብለው አዩኝ። "ልጅቷ የት ናት?"

"ትምህርት ቤት።"

"ጎሽ" አሉ። ደብተሩንና ብዕሩን አቀበሉኝ፤ የዚያን ቀን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ዶክተሯ ከረጅም ዘንግ ጫፍ ላይ በታሰረ መርፌ እስክትጨርሰው ድረስ ከአጠገቤ አልራቁም። የምርመራው ውጤት ምን እንደሚል ሁላችንም እናውቅ ነበር፤ እንዳወቅነውም መጣ።

ልጄ ስትመለስ ሁሉንም ነገርኳት፤ ልጅ ናት ብዬ አልሸነገልኳትም። ብዙ አለቀሰች። ማታ ፀጉሯን ስጎነጉን ድንገት፣ "ያን ቀን ከፍተሽልኝ ቢሆን?" አለችኝ። ሹሩባውን ሠርቼ ጨረስኩ፣ አፍርሼ እንደገና ሠራሁት። ባለቤቴም ያንን በር እስከ ዛሬ አልነቀለውም። ሲያልፍበት ግን ዞር ብሎ አያየውም።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያልቅ እንኳን ትርፍ ነበር ባልኩ። ግን ነግ በኔ የሚባል ነገር አለ፤ ደግሞም እኔ የላክኋቸው ሦስት ጎረቤቶች አሉ። በሚቀጥለው ቀን ወደ አሮጌው ቤት ስሄድ ጋሼ አራት የበረዶ ሳጥን እያጠቡ አገኘኋቸው። ግራጫው ውሻ እኛ በር ከመድረሱ በፊት ስንት መንደር እንዳለፈ፣ ማንን እንደነካ ማን ያውቃል አሉኝ። በመስታወቱ ቤት በነዚያ ጨለማ ቀናት የተወጉት ውሾች ሁሉ ካርድ አላቸው፣ ባለቤቶቻቸውም እንደኔ ካርዱን አይተው ተኝተዋል።

"አሁንስ እጠይቃለሁ" አሉ።

ስም ዝርዝሩን ግን ከየት እናገኛለን? ዶክተሩ እንደማይሰጠን የታወቀ ነው። የቁጥጥር ቢሮው አቤቱታችንን ተቀብሎ አንድ ሰው ልኮ የመስታወቱን ቤት ማቀዝቀዣ አሸገ፣ ስለ ዝርዝሩ ግን ይታያል አለን። ይታያል ከተባለ ደግሞ መቼ እንደሚታይ እናውቀዋለን። በሦስተኛው ቀን መጋዙ እየጮኸ ሳለ በሩ ላይ ረዳቷ ቆማ አየኋት። ጋዋኗን አውልቃ መጥታለች። አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት ለጋሼ አራት ሰጠቻቸው፤ ሠላሳ አራት መስመር። እሳቸው ማንበብ ሳይጀምሩ ወንበር አቀረቡላት፣ ቀጥሎም ቴርሞሜትር እንዴት እንደሚነበብ አሳዩዋት። ዓይን ከቁጥሩ ጋር እኩል መሆን አለበት፤ ከላይ ካዩት ይዋሻል።

ከዚያ ጀምሮ በየእሑዱ እንወጣለን። እሳቸው የበረዶ ሳጥኑን ያንጠለጥላሉ፣ እኔ ዝርዝሩን እይዛለሁ፤ ዓይናቸው ደክሞ የቤት ቁጥር አያነብላቸውም። አንዳንዱ ያመሰግናል፣ አንዳንዱ ካርዱን አምጥቶ ፊታችን ላይ ይወዘውዛል። አንዲት ሴትዮ ተከትቧል እያልኳችሁ፣ ሥራ የላችሁም ወይ አለችን። ጋሼ አራት በጎን እያዩኝ፣ "ሰበብ አናጣም" አሏት። የሦስቱ ጎረቤቶቼ ውሾች በመጀመሪያው እሑድ ተወጉ። በስድስት እሑድ ሠላሳ ሁለት ደረስን።

ሁለቱ አልተገኙም። አንዱ ቡናማ ነው፤ ባለቤቱ ቤት ቀይሮ ስልኩንም ዘግቷል። ሌላው ነጭ፣ አንድ ጆሮው ጥቁር ሲሆን፣ አድራሻው ላይ "ከውሃ ማማው ማዶ" ብቻ ይላል። ከውሃ ማማው ማዶ ብዙ ቤት አለ። ባለቤቴ ከሠላሳ አራት ሠላሳ ሁለት ጥሩ ውጤት ነው፣ በኔ ጊዜ በዚህ ውጤት ክፍል ይታለፍ ነበር አለኝ፤ ጋሼ አራት ሲሰሙት ሳቁ፣ እሑድ ደግሞ ሳጥኑን ይዘው በሩ ላይ ቆሙ።

ያለፈው እሑድ ከማማው ማዶ ያለውን የመጨረሻ መንገድ ያዝን። እያንዳንዱን በር እናንኳኳለን። በየቤቱ ውሻ እየጮኸ ይቀበለናል፣ ጋሼ አራትም በእያንዳንዱ ጩኸት ደስ ይላቸዋል፤ ደህና ድምፅ ነው ይላሉ። ጥግ ላይ አንድ አረንጓዴ የቆርቆሮ በር አለ። አንኳኳን። ማንም አልጮኸም። ቆይቶ ከውስጥ የትንሽ ልጅ እግር ኮቴ መጣ፣ ከዚያ በበሩ ሥር ሁለት ባዶ እግሮች አየሁ።

ጋሼ አራት ጎንበስ አሉ። "እናትሽ አለች፣ የኔ ልጅ?"

ገበያ ሄዳለች፣ አሁን ትመጣለች አለች።

"ውሻ አላችሁ?"

"አለን። ነጭ ነው። አንድ ጆሮው ግን ጥቁር።" ቀጥላም፣ "ዛሬ አልጮህም አለ። ውሃም ሰጥቼው አልጠጣም። ላምጣላችሁ?" አለች።

መቀርቀሪያው ከውስጥ ሲንቀሳቀስ ሰማሁ።

"አይሆንም" አሉ ጋሼ አራት፤ ድምፃቸው ያን ቀን በጓሯችን ያናገሩኝ ረጋ ያለ ድምፅ ነበር። "እንዳትነኪው። አሁን ቀስ ብለሽ ወደ ቤት ግቢ፣ በሩን ከውስጥ ዝጊ፣ በመስኮት ሆነሽ እኔን እያየሽኝ እስከ መቶ ቁጠሪ። እስከ መቶ ትችያለሽ?"

እስከ ሁለት መቶ እችላለሁ አለች። ባዶ እግሮቹ ዞረው ሄዱ። የቤት በር ሲዘጋ ሰማን። ጋሼ አራት የበረዶ ሳጥኑን መሬት ላይ አስቀመጡ፣ ረጅሙን ጓንት ከኪሳቸው አወጡና ጣት በጣት ማጥለቅ ጀመሩ። እኔ ለዶክተሯ ደወልኩ። ከአጥሩ ወዲያ አንድ ነገር ግድግዳውን እየታከከ በዝግታ ወደ በሩ ይመጣ ነበር። ከመስኮቱ በኩል የልጅቷ ድምፅ መቁጠር ጀምሯል።

"ጻፊ" አሉኝ ሳይዞሩ። "ሠላሳ ሦስተኛው ተገኘ።"